ከሕፃኑ አጠገብ ስለሚቀመጠው ረዳት

ትምህርት ለሁሉ መዳረስ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ ዛሬ ደግመን ለማስረዳት አንደክምም። ልናሳስብ የምንወደው የትምህርት ቤት በር ከተከፈተለት በኋላ በክፍል ውስጥ መቀመጥ ስላቃተው ሕፃን ነው። ይህ ሕፃን ስሙ ሲጠራ አይመልስም፤ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ደብተሩ ከቦታው ሲነሣበት ራሱን ከግድግዳ ጋራ ያጋጫል። መምህሩም ሌሎች ብዙ ተማሪዎች ስላሉበት ጥቂት ቀን ከታገሠ በኋላ ወላጆቹን አስጠርቶ ልጃችሁን ውሰዱ ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሕፃኑ ትምህርት ቤት ጓዳ ይሆናል።

ይህ ሁኔታ ኦቲዝም ይባላል፤ የስሙም ሥር ‹‹ራስ›› ማለት የሆነ የጽርዕ ቃል ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መርምሮ በጽሑፍ ገለጠ። ከዚያ በኋላ የእናት ፍቅር ማነስ ያመጣዋል የሚሉ ሐኪሞች ተነሥተው ነበር፤ በእኛም አገር ርግማን ነው የሚሉ አሉ። ሁለቱም አሳብ ስሕተት ነው፤ ሁኔታው ከአእምሮ አዳበር የሚመጣ እንጂ የወላጅ በደል ያመጣው አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለበት ስለ ሆነ በዚሁ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን ማዕከል ባቋቋሙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ልጆች መማር እንደሚችሉ በሥራ አሳይተውናል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ከሕፃኑ አጠገብ የሚቀመጥ ረዳት ነው። የዚህ ረዳት ሥራ ምንድር ነው ቢሉ፥ አስቀድሞ መመልከት ነው። ከጩኸቱ በፊት ምን ሆነ፤ ሕፃኑ ምን አደረገ፤ ከዚያስ በኋላ ምን አገኘ፤ እነዚህን ሦስቱን በየቀኑ ይጽፋል። የጻፈውንም ሰብስቦ ሲመረምረው ከንቱ ጩኸት የመሰለው ነገር ቋንቋ ሆኖ ይገኛል። አንዱ የሚጮኸው ከከበደው ሥራ ለማምለጥ ነው፤ አንዱ ሰው እንዲያየው ነው፤ አንዱ የወደደውን ዕቃ ሽቶ ነው፤ አንዱም የደወሉ ድምፅ እንደ መርፌ ስለሚወጋው ነው። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሲሆን መድኀኒቱ አንድ ሊሆን አይችልም። ለማምለጥ የጮኸውን ከክፍል ቢያስወጡት የፈለገውን ሰጡት እንጂ አልቀጡትም፤ ነገም አብልጦ ይጮኻል። ዐዋቂ ረዳት ግን ሥራውን ከፋፍሎ ያቀልለታል፤ ዕረፍትን የሚያመለክት ሥዕል ያለበት ትንሽ ካርቶን ሰጥቶ በጩኸት ፈንታ እርሱን እንዲያሳይ ያስተምረዋል፤ ባሳየም ጊዜ ወዲያው ያሳርፈዋል፤ ያመሰግነዋልም።

ይህ አሠራር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በየኔታ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን አጠገቡ አስቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ያስቈጥረው ነበር፤ ልጁ ሲለምድም ስንደዶው ይቀራል። የረዳቱም ሥራ ተፈጸመ የሚባለው ጥቂት በጥቂት እየራቀ ሄዶ ሕፃኑ ያለ እርሱ ሲማር ነው። ሁልጊዜ እጁን ይዞ የሚጽፍለት ረዳት ሕፃኑን አላስተማረውም።

ነገር ግን ይህ ሥራ ባልተማረ ሰው እጅ ሲገባ ወደ ጭካኔ ይለወጣል። በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ጠባይ እናርማለን ብለው ሕፃናትን በጥፊና በኤሌክትሪክ የቀጡ ሊቃውንት ነበሩ። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ጐልማሶች ራሳቸው በዚህ ነገር ይወቅሳሉ፤ ወቀሳቸውም ሊሰማ ይገባል። ሕፃኑ ደስ ሲለው እጁን ቢያርገበግብ ማንንም አይጐዳምና ረዳቱ ይህን ለመከልከል አልተቀጠረም። የተቀጠረው ሕፃኑ ራሱን እንዳይጐዳ፥ የሚሻውንም መናገር እንዲችል ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የዓለም ስምምነት በ2010 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር አጽድቃለች። ስምምነቱ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋራ እንዲማሩ ያዝዛል፤ ትእዛዙም የሚፈጸመው ሰው ሲመደብለት ነው። ስለዚህ በትምህርት ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት ለዚህ ረዳት የታወቀ የሥራ መደብ፥ በቂ ሥልጠናና የሚያኖር ደመወዝ እንዲያስቡለት እንለምናለን። አሜሪካ በ1975 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን ትምህርት በሕግ አጽንታ፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ኦቲዝምን በስሙ ጠርታ በሕጉ ውስጥ አግብታለች፤ ነገር ግን የረዳቶቹ ደመወዝ አነስተኛ በመሆኑ ብዙዎቹ ሥራውን ቶሎ ይለቃሉ። ረዳቱ በተለወጠ ቍጥር የሚጐዳው ለውጥን የማይችለው ሕፃን ነውና ከዚህ ልንማር ይገባናል።

ካህናት አባቶችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ልጃቸውን ጸበል የሚወስዱ ወላጆችን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን ጸበሉ ትምህርት ቤቱን አይከለክልም። ይህን ቃል ወላጆች ከነፍስ አባታቸው አፍ ቢሰሙት እፍረታቸው ተወግዶ የጓዳው በር ይከፈታል። በሩ በተከፈተም ጊዜ ሕፃኑን የሚቀበለው ሰው በትምህርት ቤቱ ተዘጋጅቶ ይገኝ።