ለቤት ኮምፒዩተር መጠባበቂያ ኃይል ስለ መምረጥ

በወልድያም ሆነ በመርሳ አንድ ወጣት ሠራተኛ ገንዘብ ሲጠራቀምለት ከሚመኛቸው ዕቃዎች አንዱ ኮምፒዩተር ነው። ስለ ኮምፒዩተሩ የሚያስበውን ያህል ግን ስለሚያንቀሳቅሰው ኃይል አያስብም። የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ሊጨርስ ጥቂት ገጽ ሲቀረው መብራት ይሄዳል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። በማግሥቱ ሱቅ ይሮጥና ሻጩ ያቀበለውን ዩ.ፒ.ኤስ. ተሸክሞ ይመለሳል። የምቃወመው ይህንን ችኮላ ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ መጠባበቂያ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ኃይሉ ግን ሐብሩ ወረዳ እስኪደርስ ብዙ ምሰሶና ብዙ ትራንስፎርመር ያልፋል። በክረምት ነፋስ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ቢወድቅ፣ ግድቡ ሞልቶ እያለ መርሳ ይጨልማል።

እንግዲህ በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመው ቁጥር ገዢውን አያታልለው። 650 የሚለው ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይደለም፤ በዋት ሲታይ ብዙውን ጊዜ 400 እንኳ አይሞላም። ይህም ቢሆን ምን ያህል ጭነት እንደሚችል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይናገርም። የጊዜው ነገር የባትሪው ነው። በእንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት፣ የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ 120 ዋት ቢስቡ በወረቀት ላይ 42 ደቂቃ ይወጣል። በተግባር ግን ባትሪ በፍጥነት ሲሳብ ዐቅሙ ስለሚያንስ፣ ኃይሉም ሲለወጥ ስለሚባክን፣ ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም፤ ይኸውም አዲስ ሲሆን ነው። ይህ ጽሑፍን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፤ ለማምሸት አይበቃም።

የመንደሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣድ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ይወርዳል። ርካሹ ዩ.ፒ.ኤስ. በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪው ይሸሻል፤ ባትሪውም መብራት ሳይጠፋ ያልቃል። ስለዚህ ጥቂት ብር ተጨምሮ ቮልቱን ራሱ የሚያስተካክለው ዓይነት ይገዛ። ካውያና ትልቅ ማተሚያ መሣሪያ አይሰኩበት። ሙቀትም የባትሪ ጠላት ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የመርሳው ሰው ከወልድያው ወዳጁ ቀድሞ ባትሪ ቢለውጥ ሻጩን አይማ።

በእኔ አስተያየት ለተማሪ የሚሻለው ላፕቶፕና አንድ ደኅና ስታቢላይዘር ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪውን በሆዱ ይዟልና። የተረፈው ገንዘብ ለፀሐይ ኃይል ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት አገሩ ለወራት ሲጨልም፣ ለ20 ደቂቃ የተሠራ ዕቃ ለማንም የሚፈይደው አልነበረም። የ12 ቮልት፣ የ100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት 45 ዋት የሚስብ ላፕቶፕን 10 ሰዓት ያህል ያቆያል። ያረጀ የመኪና ባትሪ ግን አይተካውም፤ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ እያለ ለመጠባት አልተሠራም፤ ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው መኝታ ቤት አይገባም።

ዩ.ፒ.ኤስ. የግድ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ዕቃው ሞልቶ እንዲያድር ያድርግ፤ በማግሥቱም የራሱን ኮምፒዩተር ሰክቶ፣ ከግድግዳው ነቅሎ፣ የእጅ ሰዓቱን ይመልከት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከጠፋ ባትሪው መጋዘን ውስጥ አርጅቷልና እዚያው ይመልሰው።