«ፋየርዎሉን አጥፋው!» ባዮች ሆይ

ከገራዶ እስከ ኮምቦልቻ ኮምፒዩተር የሚነካካ ሰው ሁሉ አንድ መድኃኒት ያውቃል። ሰርቨር ላይ ያለው ፎልደር ሌላው ማሽን ላይ ማውንት አልሆንም ሲል «ፋየርዎሉን አጥፋው!» ይላል። ይጠፋል፤ ይሠራል። መልሶ የሚያበራው ግን የለም።

«ባለጉዳይ ተሰልፎ እያለ ስለ ፖርት ታወራላችሁ?» ትሉን ይሆናል። እውነት አላችሁ፤ ለምርመራ 10 ደቂቃ ማጥፋት ይገባናል። ምርመራና ሕክምና ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበሩበት ጊዜ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ኮምፒዩተር ሲወሰድ፣ እሱ ላይ ብቻ የነበረ ፋይል አብሮ ይሄዳል። መረጃን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ከዚያ ወዲህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። እንደ ግላስተር ያሉ የተሰራጩ የፋይል ሥርዓቶችም የሚጠቅሙን ለዚህ ነው።

ታዲያ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የግላስተር ማስተዳደሪያ ፖርት 24007 ነው። ፋይሉ ራሱ የሚያልፈው ግን ከ49152 ጀምሮ ባሉት ነው፤ ብሪክ ለተባለው ለእያንዳንዱ ማከማቻ አንድ አንድ። ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ የብሪኩ ፖርት ተዘግቶ 24007 ብቻ ቢከፈት፣ ማውንቱ ሊሳካ ይችላል። ኮረም የሚባለው ገደብ ካልተደረገ ፋይሉም ይጻፋል፤ አንዱ ላይ ብቻ! እኛ ግን «ሁለት ቅጂ አለን» ብለን እንተኛለን። ሰርቨሩ የተቃጠለ ቀን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሁሉን መክፈትስ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው 445 በተባለው የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ፖርት እየገባ ነው። የተከፈተ በር ማን እንደሚገባ አይመርጥም።

መላው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ስህተቱን እናንብብ። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱ አልተነሣም ማለት ነው። «ታይምድ አውት» ካለ ግን ፓኬቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያኔ ፋየርዎሉንና ራውተሩን እንጠርጥር። ኤንኤፍኤስ ከሆነ ሥሪት 4 የሚፈልገው 2049ን ብቻ ነው። ሥሪት 3 ግን 111ንም፣ ቁጥሩ ካልተወሰነለት በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር የሚችለውን ማውንትዲንም ይፈልጋል። «ትናንት ይሠራ ነበር!» የሚያሰኘን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ቁጥሩን እንወስንለት፤ ከዚያ ለምናውቃቸው ማሽኖች ብቻ እንክፈት።

እናም የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። የትኛው ፖርት፣ ለየትኛው ማሽን፣ በማን ተከፈተ የሚል፣ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ነገ ሥራ የሚለቀው ልጅ ዕውቀቱን ይዞ ሲሄድ፣ ቢያንስ እሱ ይቀረናል።