ሁለት ቀን በአርባ ምንጭ

ባለፈው ሐምሌ፥ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፥ አበልጃችን ማልዶ ቤታችን መጣ። ቡናው እንኳ ሳይቀርብለት «ልጅህ ጉድ አደረገኝ!» አለን። ልጅህ ያለው በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣነውን የበኵር ልጁን ነው፤ ሲያስደስተው «ልጄ»፥ ሲያስቀይመው ደግሞ «ልጅህ» ማለት ልማዱ ነው። ወጣቱ በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት የሚማር ሲሆን ክረምቱን ለሥራ ልምምድ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ከአንድ የባህል ቡድን ጋር ይሠራል። አባቱ ግን ሐኪም እንዲሆንለት ሲመኝ ስለ ኖረ «ሂዱና ይዛችሁልኝ ኑ፤ እናንተን ይሰማል» ሲል ለመነን።

እውነቱን ለመናገር፥ እኛም በልባችን ከአበልጃችን ጋር ነበርን። በብዙ ቤት ቴአትር ሲባል ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስላል። ባለቤታችን ግን በመንገድ ላይ ሞገተችን። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት መጀመሪያ የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መሆኑን አስታወሰችን፤ «የመጽሐፈ ሳሙኤል ታሪክ መድረክ ላይ ሲወጣ ያልተነቀፈ፥ የኛ ልጅ ሲወጣ ነው የሚነቀፈው?» አለች። መልስ አላገኘንለትም፤ አውቶቡሱም ሆሳዕናን አልፎ ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባን ዝናብ ፈርተን ለሦስታችን ሦስት ጃንጥላ ይዘን ነበር፤ የአሥር ዓመቷ ልጃችንም አብራን ነበረችና። ዐርብ ማታ ሲቀላ ስንወርድ ግን የተቀበለን ሙቀት ነው። ለካ በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ የሚያዝያና የግንቦት ነው! የክርስትና ልጃችን ጃንጥላዎቹን አይቶ ሣቀብን፤ ወዲያውም «እንኳን ደኅና መጡ አባባ» ብሎ ጉልበት ሳመ። ስለ አባቱ መልእክት በዚያች ሌሊት ማንሣት ከበደን።

ቅዳሜ ጧት ልምምዱን ለማየት ሄድን። የሚያጠኑት በ2011 ዓ.ም. መስከረም በዚያችው ከተማ የሆነውን ነገር ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፥ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። አባቶች ግን ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ።

የኛ ልጅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። የጥጥ ጢም ለጥፎ፥ ጋቢ ደርቦ፥ ሣሩን ይዞ ሲንበረከክ ጢሙ በግማሽ ተላቀቀና ልጃችን ሣቀች። ምክር እንዲሰጡ የተጋበዙ አንድ የከተማው አረጋዊ ግን አልሣቁም። «ልጄ፥ ለማን ነው የምትንበረከከው?» ብለው ጠየቁት። «ለወጣቶቹ» አላቸው። «እነርሱን መቼ አየሃቸው? ያየኸው እኛን ነው» አሉና በእንግዶች ወንበር የተቀመጥነውን አመለከቱ። አራት ጊዜ ደገመው፤ አራት ጊዜም ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቱ ቢኖር «አላልኳችሁም?» ይል ነበር ብለን አሰብን።

ከሰዓት በኋላ ሆዱን እንዲያሽረው ብለን ይዘነው ወደ ዶርዜ ወጣን። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አቀበቱ ከሙቀት ወደ ጉም ያወጣል፤ ጃንጥላዎቻችንም በመጨረሻ ክብር አገኙ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚታነጽ፥ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቈረጡ ዝቅ ያደርጉታልና ቤቱ ከዕድሜው ጋር ያጥራል። ልጃችን ይህን ሰምታ «እንደ አያቴ!» አለች። ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀረበልን፤ ከዳጣው የተረፈ የለም፥ ከዕንባችንም እንዲሁ።

በአንድ ግቢ አንድ አባት በሽመና ጕድጓዱ ተቀምጠው መወርወሪያውን ይወረውሩ ነበር። የክርስትና ልጃችን ቁጢጥ ብሎ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ጠየቃቸው። «ሽሮ ሜዳ ናቸው፤ ይሸምናሉ» አሉት። ጥቂት ዝም ብለው «ስልክ ሲጮኽ እጄ ይቆማል» አሉ፤ ይህንንም ሲሉ ዐይናቸውን ከድሩ አላነሡም። ልጁ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገረም። ስንነሣ ከእርሳቸው አንድ ጋቢ ገዛ፤ ዋጋውን ልንከፍል ብንል አልፈቀደም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የዓሣ ኮተሌት በልተን ወደ ጫሞ ሐይቅ ወረድን። «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ በጀልባ ይኬዳል። ባለቤታችን «እናንተ ሂዱ፥ እኔ በምድር እጸልይላችኋለሁ» ብላ ነበር፤ ልጃችን እጇን ስትጎትታት ግን ተሳፈረች። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እኛ ግንድ ያልነው አንዱ ተንቀሳቀሰ። ጉማሬ ከጎናችን ብቅ ባለ ጊዜ ባለቤታችን ውዳሴ ማርያሙን ከመካከሉ ጀመረችው። የክርስትና ልጃችን በመመለሻው የጀልባ ነጂውን እርጋታ፥ የእርስዋን ድንጋጤና የእኛን የውሸት ድፍረት ተራ በተራ ቢያሳየን እስክናነባ ሣቅን። የእኛኑ ሲያሳይ ግን ጥቂት አጋንኗል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሴቻ ከፍታ ላይ ሆነን ቀላውን ዓባያንና ጠራ ያለውን ጫሞን፥ በመካከላቸውም የተዘረጋውን የእግዜር ድልድይ አየን። የአባቱን መልእክት የነገርነው በዚያ ነው። ልጁ አልተከራከረም። «መንበርከኩን ሳልችለው አልመለስም፥ አባባ» ብቻ አለ።

ማታ በማደሪያችን ግቢ ልጃችንን ጠራትና «አንቺ የተቆጣሽ ወጣት ነሽ፤ ድንጋይ ያዢ» አላት። ጠጠር አንሥታ እየሣቀች መጣች። እርሱ ጢም የለው፥ ጋቢ የለው፤ ከአጥሩ ሥር የነቀለውን ሣር በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከና ዐይኖቿን አያት። አንድ ቃል አልተናገረም። ልጅቱ ሣቋን አቆመች፤ ቆም ብላ አየችው፤ ጠጠሩንም ከእጇ ለቀቀችው። ከዚያ እኛን ዞር ብላ «ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለችን። አላለቀሰም ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሦስታችን ብቻ ተሳፈርን። አበልጃችን በር ላይ ቆሞ «ብቻችሁን መጣችሁ?» አለ። ልጁ የላከለትን የዶርዜ ጋቢ ሰጠነው፤ ቴአትሩ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ እንደሚታይም ነገርነው። ይህን እስከምንጽፍ ድረስ እሄዳለሁ አላለም። ጋቢውን ግን ባለፈው እሑድ ለቅዳሴ ደርቦት አየነው።