ተመልካች ሲፈርድ

ትርኢት አይቶ የማይፈርድ ሰው የለም። የመግቢያውን ዋጋ የከፈለ ሁሉ ከአዳራሹ ሲወጣ «ይህ ደግ ነው፤ ያኛው አይረባም» ማለቱ አይቀርም። መብቱም ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን መብት ልንነካ አልተነሣንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ የሚፈርደው በሥራው ላይ ነው ወይስ በሠሪው ላይ? የሚል ነው። ጥያቄው ለአንዳንዱ አንባቢ ተራ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን መድረክ ላይ የቆመን ሰው በመልኩ መሳቅ የለመደ ተማሪ፥ ነገ በስብሰባ ላይ የተናጋሪውን ሐሳብ ትቶ ትውልዱንና አነጋገሩን ቢነቅፍ ልንደነቅ አይገባንም።

ለዚህ ጉዳይ የአሜሪካ የቮድቪል ቲያትር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ቮድቪል ማለት ዘፋኙ፥ ቀልደኛው፥ አክሮባቱ፥ ምትሃት የሚያሳየው፥ የሠለጠነ ውሻ ይዞ የሚመጣውም ሁሉ በአንድ ምሽት በየተራ የሚወጡበት ትርኢት ነው። ቶኒ ፓስተር የተባለው ሰው በ1881 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒውዮርክ በ14ኛው መንገድ ቲያትሩን ከፍቶ፥ ሴቶችና ልጆች ያለ ኀፍረት የሚያዩትን ጨዋታ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄደ። የቮድቪል ቁንጮ የነበረው የኒውዮርኩ ፓላስ ቲያትር በ1913 ተከፈተ። ሲኒማና ራዲዮ እየበረቱ ሲመጡ ግን በ1932 እርሱም ወደ ፊልም ማሳያነት ተለወጠ።

የፓላስን ፕሮግራም ያዘጋጅ የነበረው ጆርጅ ጎትሊብ፥ ዘጠኝ ትርኢት ያለበት ምሽት እንዴት እንደሚደረደር በ1915 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አስረድቷል። የመጀመሪያው ተራ ንግግር ለማያስፈልገው ጨዋታ፥ ለአክሮባት ወይም ለእንስሳት ይሰጣል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ሰው ወንበሩን ሲፈልግ በሚነሣው ኳኳታ መካከል ንግግር አይሰማምና። ከዕረፍቱ በፊት ያለው ተራ፥ ሕዝቡ በዕረፍቱ ጊዜ የሚያወራለት ብርቱ ጨዋታ ይሆናል። ትልቁ ኮከብ ከመጨረሻው ቀደም ብሎ በስምንተኛው ተራ ይወጣል። በመዝጊያው ላይ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ መውጣት ይጀምራልና ለዐይን የሚሞላ ነገር ይቀርባል።

እንግዲህ ፍርዱ ከጭብጨባው ብዛት የሚወጣ ቢሆን የመጀመሪያው አክሮባት ምን ዕድል ነበረው? ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ፥ የተቀረውም ሰው ጎረቤቱን ሰላም እያለ፥ አንገት የሚሰብር ዝላይ ዘሎ የሚያጨበጭብለት ጥቂት ሰው ነው። ስምንተኛው ግን ሌሎች ያሟሟቁትን ቤት ያገኛል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የመዘነ ሰው የተራ ቁጥራቸውን መዘነ እንጂ ችሎታቸውን አልመዘነም። ሌላም አለ። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቲያትሮች ጥቁሮች ተመልካቾች በላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ይቀመጡ ነበር። በ1874 የተወለደው ታላቁ ጥቁር ቀልደኛ በርት ዊልያምስም ችሎታው በሁሉ ዘንድ ታውቆለት ሳለ፥ ነጭ ተመልካች የለመደውን መልክ ለመያዝ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ቀብቶ ይወጣ ነበር። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ፊቱ አስቀድሞ ተፈርዶበት ነበር ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ የደረሰ አንድ ታሪክ አለ። ቼሪ የሚባሉ እኅትማማቾች በአዮዋ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከማሪዮን የመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በ1893 መዝፈንና ትያትር መሥራት ጀመሩ። ጨዋታቸው ደካማ ነበር፤ በዚህ የሚከራከር አልተገኘም። ነገር ግን የደካማነታቸው ዝና እየሰፋ ሲሄድ ሕዝቡ ሊስቅባቸውና አትክልት ሊወረውርባቸው ትኬት እየገዛ ይገባ ጀመር። በ1896 ኦስካር ሐመርስታይን ወደ ኒውዮርኩ ኦሊምፒያ ቲያትር አመጣቸው፤ አዳራሹም ሞላ። ባለቲያትሩ ገንዘቡን ሰበሰበ፤ ስድቡን ግን የተቀበሉት እነሱ ናቸው።

በ1898 አንድ የአዮዋ ጋዜጠኛ ስለ እነሱ የጻፈውን ዴ ሞይን ሊደር የተባለው ጋዜጣ አትሞ አወጣው። ጸሐፊው ድምፃቸውን ነቅፏል፤ ይህ ተገቢ ነው። በዚያ ሳይወሰን ግን በክንዳቸው፥ በፊታቸውና በዕድሜያቸው ተሳለቀ። እኅትማማቾቹ ስማችን ጠፋ ብለው ከሰሱ። የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1901 ለጋዜጣው ፈረደ። ሕዝብን ጠርቶ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው በነጻ ሊተች ይችላል፤ ክፉ ሐሳብ መኖሩ እስካልተረጋገጠ ድረስ ትችቱ መራር ቢሆንም፥ ፌዝም ቢሆን፥ አያስጠይቅም አለ።

እኛ ይህን ፍርድ እንደግፋለን። ያለዚህ ነጻነት ይህችም ጋዜጣችን በስቴንስል ተባዝታ ልትወጣ አትችልም ነበር። ሆኖም ሕግ የማይከለክለው ነገር ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ጸሐፊው እንዳይቀጣ ወሰነ እንጂ በትክክል ፈርዷል አላለም። «ዜማው ተሳስቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ዘፋኟ የምታርመውን ነገር ነግሯታል። «ክንድሽ ቀጭን ነው» ያለ ግን ምን እንድታደርግ ይፈልጋል? ይህ ትችት ሳይሆን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አንባቢ «ይህ የአሜሪካን ጉድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንዳይለን በአገራችን የሆነውን እናስታውስ። በ1960 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1968) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች የባዕድ ባህል ሊጫንብን ነው ብለው ተቃወሙ። ሐሳቡ ሊሰማና ሊከራከሩበት የሚገባ ሐሳብ ነበር። ዱላው ያረፈው ግን በሐሳቡ ባለቤቶች ላይ አልነበረም፤ በትርኢቱ የተካፈሉና ሊያዩ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፥ ተንገላቱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ለነጻነት እንታገላለን የሚል ተማሪ፥ መድረክ ላይ የወጣችን እኅቱን ማዋረዱ ከትግሉ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ እስከ ዛሬ የሚያስረዳን አላገኘንም።

ታዲያ ፈራጅ እንዴት ይሁን? ከቮድቪል ታሪክ ሁለት ዓይነት ፈራጆችን ማየት ይበቃል። የኪት ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ሪፖርት እየጻፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይልኩ ነበር። ሪፖርቱ የተጫዋቹን እንጀራ ይወስናል፤ የተጻፈው ግን ለአለቆቹ እንጂ ለተጫዋቹ አልነበረምና መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም። በ1905 ሳይም ሲልቨርማን ያቋቋመው ቫራይቲ ጋዜጣ ደግሞ ፍርዱን በአደባባይ ያትም ነበር፤ ከሥሩም የጸሐፊው አጭር ስም ይሰፍር ነበር። የቫራይቲም ብዕር ብዙ ጊዜ ያቆስል ነበር፤ ነገር ግን የቆሰለው ሰው ማን እንዳቆሰለው ያውቃል።

ስለዚህ በኅብረታችን አዳራሽ ትርኢት በሚቀርብበት ምሽት ሁሉ የሚከተለው እንዲፈጸም እናሳስባለን።

፩ኛ፤ ሊፈርድ የሚፈልግ ከመጀመሪያው ተራ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። በመካከል ገብቶ በመካከል የወጣ ሰው አስተያየት ከሐሜት አይቈጠርም አይባልም።

፪ኛ፤ ጉድለቱ በስሙ ይጠራ። ድምፁ ከሆነ ድምፁ፥ ርዝመቱ ከሆነ ርዝመቱ፥ ቃሉ ከሆነ ቃሉ ይነገር። መልክ፥ ፆታ፥ ትውልድና ድህነት ከሚዛኑ ላይ ይውረዱ።

፫ኛ፤ በጽሑፍ የሚሰጥ ፍርድ የጸሐፊው ስም ይኑርበት፤ ለተተቸውም ሰው በዚያው ገጽ መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይተውለት።

፬ኛ፤ ፕሮግራሙን በመላው የሚቃወም ካለ አዘጋጆቹን በስብሰባ ይጠይቅ። መድረክ ላይ የቆመችውን ልጅ በፉጨት አያባርር።

ይህን ስንል ደካማ ሥራ ይመስገን ማለታችን አይደለም። ደካማ ሥራ ደካማ ይባል፤ የቼሪ እኅትማማቾችም ዜማ ዜማ አልነበረም። ግን ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ ጨለማ ውስጥ ነን፤ መብራቱ የሚያርፈው በመድረኩ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው። ከጨለማ የሚወረወር ነገር ሁሉ የወረወረውን ሰው ክብር እንደሚቀንስ የተማረ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።