የሽያጭ ታሪክም ማስያዣ ይሁን



የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ክፍያ መቀበል ከትልልቅ መደብሮች አልፎ ጉሊት ድረስ ወርዷል። በዚህ እትም ያነጋገርናቸው ነጋዴዎች ስለዚሁ የስልክ ክፍያ ሲያወሩ ግን ሐሳባቸው ለየቅል ነው። ወንዶቹ በአመዛኙ አዲስ ደንበኛንና ቅርንጫፍ መክፈትን ያነሣሉ። ሴቶቹ የሚያስቀድሙት የዕለቱ ሽያጭ ከቤት አስቤዛ ጋር አለመደባለቁን ነው። ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርብ አንዲት እናት የሦስት ወር ገቢዋን መልእክት በመልእክት ከስልኳ አሳየችን። ይህን ጥንቃቄ ፍርሃት የሚሉት አሉ፤ እኛ አንስማማም። የሚዘልቅ ንግድ የሚቆመው እንዲህ ባለ ሒሳብ ላይ ነው። ቤቱም መኪናውም ብዙ ጊዜ በባል ስም በሚመዘገብበት አገር፣ ይህ የስልክ የሽያጭ መዝገብ ለሴቷ የራሷ የብድር ማስያዣ ሊሆን ይገባል። ባንኮቻችን የብድር መመሪያ ሲያወጡ እነዚህን ሴቶች ጠርተው ያነጋግሩ።