ከፍለን የምንፈራበት ቤት፦ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?



ሰሞኑን ቶሮንቶ የምትኖር አንዲት ተከታታያችን ኢንቦክስ ላይ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ጓደኞቼ ኒያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ያለ የማስፈራሪያ ቤት እንሂድ እያሉኝ ነው። ደም ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ከእሷ በፊትም ላስ ቬጋስ ያለ ወንድማችን ተመሳሳይ ነገር ጠይቆኝ ነበር። ለሁለቱም በግል መልሻለሁ። ግን ነገሩ ውጭ ያላችሁትን ብቻ ሳይሆን እዚህ አዲስ አበባ ያለነውንም ስለሚመለከት ሐሳቤን በሰፊው ላካፍላችሁ።

ለማያውቀው፣ ፈረንጆቹ ሃንትድ ሃውስ የሚሉት ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ የሚፈራበት ቤት ነው። ጨለማ ኮሪደር፣ ጭስ፣ ድንገት የሚጮህ ድምፅ፣ ከበር ኋላ ብቅ የሚል ጭንብል ያጠለቀ ተዋናይ። አብዛኞቹ የሚከፈቱት ለሃሎዊን ሰሞን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩም ግን አሉ። ካናዳ ኒያጋራ ፎልስ ከተማ ያለው ናይትሜርስ ፊር ፋክተሪ አንዱ ነው፤ ጎብኚዎቹ በድንጋጤ ተቃቅፈው ሲጮኹ የተነሱት ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ሳታዩት አትቀሩም። ጃፓን ውስጥ ፉጂ ተራራ አካባቢ ባለው ፉጂ-ኪው ሃይላንድ ፓርክ ደግሞ የተተወ ሆስፒታል መስሎ የተሠራ፣ በእግር ወደ 900 ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ቤት አለ። (እኛ ሐኪሞች የሌሊት ተረኛ ስንሆን ይሄንን በነፃ ነው የምናገኘው።) ላስ ቬጋስም ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በ2025 ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የሆረር መዝናኛ ከፍቷል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «በገንዘብ ፍርሃት መግዛት? ጤና የለም እንዴ!» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አያታችን ማታ ማታ የአያ ጅቦን ተረት ስታወራልን ጋቢውን እስከ ዓይናችን ድረስ ተሸፋፍነን «ከዛስ?» ስንል ምን እያደረግን ነበር? እየፈራን፣ ግን ደግሞ እየተደሰትን ነበር። ጅቡ ተረቱ ውስጥ ነው፣ እኛ ምድጃው ዳር ነን፤ ይሄንን እናውቃለን። ለመዝናናት መፈራት የፈረንጅ እብደት አይደለም፤ የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ድንገት ስንደነግጥ አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ገና አስበን ሳንጨርስ የአደጋ ደወል ይደውላል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። የልብ ምት ይጨምራል፣ ደም ግፊት ከፍ ይላል፣ የአየር ቧንቧ ይሰፋል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይልካል፣ እጅ ያልበዋል። ይሄ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ከዚያ የማሰቢያው ክፍል ይደርስና «ተዋናይ ነው፣ ተረጋጋ» ይለዋል። ሳቁ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሰውነት ለአደጋ ተዘጋጅቶ አደጋው ሲቀር የሚሰማን ዕፎይታ በጣም ደስ ይላል።

ጥናቱም ይሄንኑ ይደግፋል። ዴንማርክ ውስጥ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 110 ሰዎች ላይ የልብ ምት መለኪያ አድርገው የማስፈራሪያ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚለው ሰው የሚደሰተው ፍርሃቱ መካከለኛ ሲሆን ነው። በጣም ትንሽ ከሆነ ይሰለቻል፣ በጣም ከበዛ ደስታው ይጠፋል። አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ደግሞ ለአዋቂዎች ብቻ በተዘጋጀ የማስፈራሪያ ቤት 262 ጎብኚዎች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ሲወጡ ስሜታቸው ከመግባታቸው በፊት ከነበረው ተሽሎ ተገኝቷል፤ በተለይ ሲገቡ ደክሟቸው፣ ተሰላችተው ወይም ውጥረት ውስጥ የነበሩት። ሁሉም ግን ፈልገው፣ ትኬት ቆርጠው የገቡ ሰዎች ናቸው። ያልፈለገን ሰው ጎትተን ብናስገባ ተመሳሳይ ውጤት እናገኛለን ማለት አይደለም።

ዋናው ጥያቄ፦ ፍሬኑ በማን እጅ ነው?

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ የማስፈራሪያ ቤት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በሚያሳየው ደም ብዛት አይደለም። የሚለየው «በቃኝ» ስትሉ የሚቆም መሆኑና አለመሆኑ ነው።

የኒያጋራው ቤት የማቆሚያ ቃል አለው። ጎብኚው ያቺን ቃል ከጮኸ ሠራተኞቹ ወዲያው ያስወጡታል። አቋርጠው የወጡትን ሰዎች ቁጥር መዝግበው ለማስታወቂያ ይጠቀሙበታል እንጂ ማንንም አያስገድዱም። ይሄ ጨዋታ ነው። ፍርሃቱ የእናንተ ነው፣ ፍሬኑም የእናንተ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ አሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ስሙ የገነነው ማክኬሚ ማነር አለ። ተሳታፊው ከ40 ገጽ በላይ የሆነ የኃላፊነት ፎርም ይፈርማል። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ ነው የሚል የሐኪም ደብዳቤም ይጠየቃል። ተሳታፊ «ይቁም» እያለ አይቆምም የሚል ቅሬታ ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ2023 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ጀምሯል።

እኔን እንደ ሐኪም ያሳሰበኝ ያ ደብዳቤ ነው። አንድ ሰው ክሊኒክ መጥቶ እንዲህ ላለ ቦታ ደብዳቤ ጻፍልኝ ቢለኝ አልፈርምም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጤና ምርመራ ወረቀት የሚናገረው ዛሬ ስለተለካው ነገር ነው፦ ግፊቱ ይሄን ያህል፣ የልብ ድምፁ ደህና። ታስሮ፣ ውሃ እየተደፋበት ለሰዓታት ቢቆይ ምን እንደሚሆን የሚነግር ምርመራ የለም። ሌላው ደግሞ እኛ ሙያ ውስጥ ስምምነት ማለት አንዴ ተፈርሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለኦፕሬሽን የፈረመ ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ማደንዘዣ ሳይሰጠው «ተውኩት» ካለ እንተዋለን። ሕይወት ለማዳን የምንሠራው ሥራ ላይ ይሄ መብት ካለ፣ ለመዝናኛ የገባ ሰው እንዴት ያጣዋል?

ማን ይጠንቀቅ?

ደም ግፊት ላለባት እህቴና ለመሰሎቿ የሰጠሁት መልስ ይሄ ነው። ግፊታችሁ በመድኃኒት ከተስተካከለ፣ ሌላ የልብ ችግር ከሌለባችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የማያማችሁ ከሆነ፣ ተራ የማስፈራሪያ ቤት የሚከለከል ነገር አይደለም። በዕለቱ መድኃኒታችሁን ውሰዱ፤ «ዛሬ ልዝናና» ብላችሁ አትዝለሉት። በቅርቡ የተለካው ግፊታችሁ ከ140/90 በላይ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፣ እሱ ይስተካከል። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ የትም አይሄድም።

እነዚህ ግን ቢቀርባቸው ይሻላል፦

• የልብ ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ የልብ ምት መዛባት። በወጣትነቱ ድንገት የሞተ የቅርብ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ወይም በስልክ ጥሪና በአላርም ድምፅ ደንግጣችሁ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ መጀመሪያ ኢሲጂ ተነሱ። በድንገተኛ ድምፅ የሚቀሰቀስ፣ በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት ችግር አለ።

• የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ በተለይ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት የሚነሳባቸው። እነዚህ ቤቶች በእንዲህ ዓይነት መብራት የተሞሉ ናቸው።

• አስም ያለባቸው። የጭስ ማሽኑ ሊያስነሳባችሁ ይችላል። ከሄዳችሁም ፓፋችሁ መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

• ነፍሰ ጡሮች። ዋናው ሥጋት በጨለማ መውደቅና መገፋት ነው።

• ከባድ ነገር ያሳለፉ። ጦርነት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በስደት መንገድ ላይ መታገት ያየ ሰው አፈና የሚተወንበት ክፍል ውስጥ ሲገባ አእምሮው «ተዋናይ ነው» ብሎ ላይረጋጋ ይችላል። ይሄ ድክመት አይደለም። አልሄድም ለማለት ምክንያት መዘርዘርም አይጠበቅባችሁም።

• መጠጥ የጠጣ ወይም ሌላ ነገር የወሰደ ሰው።

«በድንጋጤ ሰው ይሞታል እንዴ?» ለምትሉ፦ ጤነኛ ልብ ላለው ሰው እጅግ ብርቅ ነው። ግን ተረት አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ታኮትሱቦ ብለው የገለጹት የልብ ችግር አለ። በከባድ ድንጋጤ ወይም ሐዘን የተነሳ የልብ ግራ ክፍል ለጊዜው ይደክምና ኦክቶፐስ ማጥመጃ እንስራ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ምልክቱ ግን ልክ እንደ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ነው። ስለዚህ ከወጣችሁ በኋላ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ «ድንጋጤው ነው፣ ያልፋል» አትበሉ። ካናዳና አሜሪካ ያላችሁ 911 ደውሉ።

ከመግባታችሁ በፊት

የማቆሚያ ቃሉን ጠይቁ። ከሌላቸው ተመለሱ። ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጉ፤ በጨለማ የሚሮጥ ሰው ከልቡ በፊት የሚጎዳው ቁርጭምጭሚቱ ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ እዩ። ይሄን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር ፓርክ ውስጥ የነበረ የማስፈራሪያ ቤት ተቃጥሎ 8 ወጣቶች ሞተዋል። ቤቱ የጭስ ጠቋሚም ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያም አልነበረውም። የገደላቸው ጭራቅ አይደለም፤ እሳትና ጭስ ነው። ክብሪትና ላይተር በፍጹም አታብሩ።

ጓደኛችሁ «አልገባም» ካለ ደግሞ «ፈሪ» አትበሉት። የዴንማርኩን ጥናት አስታውሱ። ለእናንተ መካከለኛ የሆነው ፍርሃት ለእሱ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ውጭ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ፣ ስትወጡ ይስቅባችኋል።

አሁን ወደ ቤታችን

አዲስ አበባ ያላችሁ ቤተሰቦቼ «ይሄ እኛን ምን አገባን» ብላችሁ ይሆናል። ቲክቶክ ክፈቱ። ጭንብል አጥልቆ እናቱን ከኩሽና በር ላይ የሚያስደነግጥ ልጅ፣ «እገሌ ሞተ» ብሎ አያቱን አስለቅሶ ካሜራውን የሚያሳይ ወጣት ታገኛላችሁ። ይሄ እኮ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ፣ መግቢያው የማይታወቅ የማስፈራሪያ ቤት ነው። ሰውየው ትኬት አልቆረጠም፣ አልፈረመም፣ የማቆሚያ ቃል የለውም። የምትደነግጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግፊትና ስኳር ያለባት፣ ዕድሜዋ የገፋ እናት ናት። አስቡት፦ ታኮትሱቦ በብዛት የሚይዘው እነማንን ነበር ያልነው?

ባህላችን ይሄንን ያውቃል። መርዶ ለመንገር ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልደው ይሄዳሉ። ሰውየውን ብቻውን አግኝተው መንገድ ላይ ዱብ አያደርጉበትም። ድንጋጤ ሰውን እንደሚጎዳ ያወቁት ኢሲጂ ሳይኖራቸው ነው። እኛ ስማርት ስልክ ይዘን ለላይክ ብለን ያንን ጥንቃቄ መጣላችን ያሳፍራል። የፕራንክ ቪዲዮ ስታዩ ሼር አታድርጉ፤ የሚያቆመው ተመልካች ሲያጣ ነው።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ፣ ጤናችሁ ከፈቀደና ፍሬኑ በእጃችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ጩኹ፣ ሳቁ፣ ፎቶውንም ላኩልኝ። እዚህ ያለን ደግሞ ሳንጠይቅ ማንንም አናስደንግጥ፤ እናቶቻችንን በተለይ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ እንጂ የሐኪማችሁን ምክር የሚተካ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ፕራንክ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይሄን ላኩለት።