ፍላሽ ይዞ የሚዞር ቴክኒሺያን ለነጋዴው አያዋጣም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የተዘረፈ ገንዘብ አልነበረም፤ ገበያውም አልወደቀም። አዲስ ሶፍትዌር በስምንት ሰርቨሮች ላይ እንዲገለብጥ የታዘዘ ቴክኒሺያን በሰባቱ ላይ ገልብጦ ስምንተኛውን ዘነጋው። በስምንተኛው ላይ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም 212 የደንበኞች ትእዛዝ አስፈጽማለሁ ብሎ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። የአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ነዋይ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያውን 12 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣው፣ የቴክኒሺያኑን ሥራ ሌላ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ እንዳልነበረ ገልጿል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ለብቻው መቆሙ አበቃ።

ጉዳዩ ሊኑክስን ስለ መጫን አልነበረም። ሆኖም በእጅና በቃል፣ አንድ በአንድ የሚሠራ ሥራ በስምንት ማሽኖች ላይ ከሳተ፣ በሠላሳ ላይ እንዴት አይስትም? የእኛም ቢሮዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ነጋዴው ሠላሳ ኮምፒውተር ይገዛል፤ አንድ ወጣት ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ «ፎርማት» ያደርጋል። ሦስት ወር ሳይሞላ አንዱ ማሽን ከሌላው አይመሳሰልም። ወጣቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ የሄደ ዕለት ደግሞ የቢሮው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሥርዓት ሲሆን፣ ነጻ ስርጭቶቹን በሦስትም ሆነ በሦስት መቶ ማሽን ላይ ለመጫን የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅም። የለንደን የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋናውን ግብይቱን በሊኑክስ ላይ ወደሚሠራ ሥርዓት አዛውሯል። አይ.ቢ.ኤም.ም እ.ኤ.አ. በ2019 ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ነጻ በሆነ ነገር ላይ ይህን ያህል ገንዘብ የሚፈስሰው፣ ትርፉ ሥርዓቱን በአግባቡ ከማስተዳደር ስለሚገኝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማሽኖቹ ሁሉ ጋር በኬብል የተገናኘ አንድ ሰርቨር ይዘጋጃል። አዲሱ ኮምፒውተር ሲበራ ፍላሽ ወይም ሲዲ ከመፈለግ ይልቅ በኔትወርክ ካርዱ በኩል «ከየት ልነሳ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ፒ.ኤክስ.ኢ. ይባላል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የማስነሻውንም ፋይል ይልክለታል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የመልሱን ፋይል ያነባል። ቋንቋው ምንድን ነው? ዲስኩ እንዴት ይከፈል? የትኞቹ ፕሮግራሞች ይግቡ? ቴክኒሺያኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚመልሰው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፏል። በሬድ ሃት ዘንድ ይህ ፋይል ኪክስታርት፣ በዴቢያን ፕሪሲድ ይባላል፤ ኡቡንቱም ከ20.04 እትሙ ጀምሮ አውቶኢንስቶል የተባለ የራሱ አሠራር አለው።

ስሌቱን ነጋዴው ራሱ ይሥራው። አንዱን ማሽን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ሠላሳው አራት የሥራ ቀን ገደማ ይወስዳል። በኔትወርክ ግን ሁሉም ጎን ለጎን ስለሚጫኑ ፋይሉ ከተዘጋጀ በኋላ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ሦስት ጊጋባይት ከኢንተርኔት ቢያወርድ ዘጠና ጊጋባይት ይሆናል፤ በሰርቨሩ ላይ ቅጂው ካለ አንድ ጊዜ ማውረድ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ አንድ ማሽን ሲበላሽ ሳይበላሽ በፊት እንደነበረው አድርጎ መልሶ ማቆም መቻሉ ነው።

«ሒሳቤ በፒችትሪ ነው፤ ሊኑክስ ምን ይሠራልኛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ስለሆነ የሒሳብ ክፍሉ ባለበት ይቆይ። ደብዳቤ ለሚጽፉትና ኢንተርኔት ለሚጠቀሙት ማሽኖች ግን ሊኑክስ ይበቃል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ላልቻሉ አሮጌ ማሽኖች ይህ አንዱ መውጫ ነው። አምስት ኮምፒውተር ብቻ ላለው ደግሞ ፍላሹ ይበቃዋል፤ ሰርቨር ማቆም ትርፉ ድካም ነው።

አደጋ የለውም ማለታችንም አይደለም። በመልሱ ፋይል ውስጥ ያለ አንድ ስሕተት በሠላሳው ማሽን ላይ ይደገማል። ከኔትወርክ እንዲነሳ ተደርጎ የተተወ ኮምፒውተር የሒሳብ መዝገብ የያዘ ዲስኩን ሳይጠይቅ ሊያጠፋ ይችላል። በፋይሉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ የይለፍ ቃልም በዚያው ኔትወርክ ላይ ላለ ሁሉ የተሰጠ ያህል ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱ ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። ጭነቱ ከቢሮው ኔትወርክ በተለየ ስዊች ላይ ይሁን። ፋይሉ መጀመሪያ ባዶ በሆነ አንድ ማሽን ላይ ተሞክሮ ሁለተኛ ሰው ይየው። ከጭነቱ በፊት መረጃው ሁሉ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። በመጨረሻም የመልሱ ፋይል ቅጂ ለድርጅቱ ባለቤት ይሰጥ፤ የመኪና ሊብሬ በሾፌሩ ኪስ እንደማይቀር ሁሉ፣ ይህም በቴክኒሺያኑ ፍላሽ ውስጥ ሊቀር አይገባም።

የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ነዋይ ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በይፋ ሥራ ጀምሯል። ከእንግዲህ የደንበኛን ትእዛዝ የሚቀበሉ አገናኝ ድርጅቶች ስምንተኛውን ሰርቨር ማን እንዳየው ሊጠየቁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።